ያየነውን ትዕይንት መልሰው የሚያሳዩን ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች! የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ማታ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ቡና ላይ ተሰብስቦ አንድ የውጭ ተከታታይ ድራማ ያያል። ባለፈው ሳምንት ግን ዋናዋ ሴት ሆስፒታል ተኝታ ያለፈውን ስታስታውስ ክፍሉ አለቀ። ወላሂ፣ አዲስ ነገር አምስት ደቂቃ አይሞላም! እናቴማ የድሮውን የከፈቱት መስሏት ቻናል ልትቀይር ነበር። ለምን እንዲህ ያደርጋሉ?

መልስ፦ እህታችን፣ አስበውበት ነው። ዋናው ምክንያት ገንዘብ ነው። የአሜሪካ ትልልቅ ጣቢያዎች ለአንድ ምዕራፍ 22 ወይም 24 ክፍል ማዘዝ ለምደው ነበር፤ በጀቱም ቀድሞ ይወሰናል። አዘጋጆቹ መሃል ላይ ለአንድ ትልቅ ክፍል ገንዘብ ካፈሰሱ ጉድለቱን ከሌላው ላይ ማካካስ አለባቸው። ትዝታ ለሚያሳይ ክፍል አንድ አልጋ፣ ሁለት ሦስት ተዋናይ ይበቃል፤ የቀረውን ኤዲተሩ ከድሮው እየቆረጠ ይቀጥለዋል።

የታወቀው ምሳሌ "ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን" የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ጉዞ ተከታታይ ድራማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የሆሊውድ ጸሐፊዎች አምስት ወር ሥራ አቆሙ። ሁለተኛው ምዕራፍ ዘገየ፣ ከ26 ክፍል ወደ 22 ወረደ፣ በጀቱም አለቀ። በ1989 የታየው የመዝጊያ ክፍል ላይ ራይከር የሚባለው መኮንን ታሞ ይተኛል፤ ሐኪሟ ትዝታውን እየቀሰቀሰች ታክመዋለች፤ ትዝታው ደግሞ የድሮ ቀረጻ ነው። አዲሱ ቀረጻ በ3 ቀን አለቀ። ብዙ አድናቂዎች እስከ ዛሬ ከተከታታዩ ደካማ ክፍሎች አንዱ ይሉታል፤ እኔም እስማማለሁ፣ ምክንያቱም ዓመት ሙሉ ለጠበቀ ሰው እንዲህ ያለ መዝጊያ አይሰጠውም።

በጃፓን አኒሜሽንም ይኼው አለ። እዚያ ግን ብዙ ጊዜ የሚያጥረው ጊዜ ነው፤ በየሳምንቱ ማቅረብ ግዴታ ነው፣ ሥዕሉ አልደረሰም፣ ስለዚህ ማጠቃለያ ይገባል።

በአንድ ወቅት ይህ ለተመልካቹም ይጠቅም ነበር። ቪዲዮ ማጫወቻ በየቤቱ ሳይገባ ያመለጠሽን ክፍል የት ታገኚዋለሽ? ዛሬ ግን ሁሉም ስልክ ላይ አለ። ቢያንስ ማጠቃለያ መሆኑን አስቀድመው ሊነግሩን ይገባል፤ ሰው ሰዓቱን ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው።

ከእንግዲህ ገጸ ባሕሪዋ አልጋ ላይ ስትውል፣ ሊፍት ውስጥ ስትቆለፍ ወይም የፎቶ አልበም ስትገልጥ ጠርጥሪ። እናትሽ ግን ቻናሉን አይቀይሩት፤ ለቀጣዩ ክፍል የሚያስፈልገውን አዲስ ወሬ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ነው የሚሰኩት።