ማኅተም ያልተመታበት ወረቀት

ውድ ወጣቶች፤

በቅርቡ በቤተ መጻሕፍት ሙያ የተመረቀች አንዲት ልጅ «ዳይሬክተር የሆነ ሰው ከመጻሕፍቱ ይርቃል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። በጀቱን፣ ቦርዱን፣ ቅጥሩንና የሕንፃውን ጥገና መዘርዘር ጀምሬ ነበር፤ ነገር ግን ጥያቄዋ ለብዙ ዓመታት ስሸሸው የኖርሁትን ነገር ስለቀሰቀሰብኝ መልሴን ሳልጨርስ ቀረሁ።

በተሾምሁበት የመጀመሪያ ዓመት መደርደሪያዎቹ ሞልተው፣ አዳዲስ መጻሕፍት ከነካርቶናቸው መሬት ላይ ተቆልለው ነበር። ጊዜ ያለፈበት የሕክምና ወይም የሕግ መጽሐፍ አንባቢን ስለሚያሳስት፣ አገልግሎቱን የጨረሰውን እየለዩ ማስወገድ በሙያችን ተገቢ ሥራ ነው። እኔ ግን መለየቱን ትቼ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ በውሰት ያልወጣው ሁሉ እንዲነሣ አዘዝሁ። የንባብ አዳራሹን ለረጅም ጊዜ የሚያስተናግዱ አንዲት ወይዘሮ ዝርዝሩን ካዩ በኋላ ቢሮዬ ድረስ መጥተው «እነዚህኮ ቤት አይወሰዱም እንጂ እዚሁ ይነበባሉ» አሉኝ። አመስግኜ ሸኘኋቸው፤ ትእዛዙን ግን አልለወጥሁም። መዝገቡ በእጄ ስለነበረ ከእሳቸው ይልቅ የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ አረጋዊ አንባቢ ደብተራቸውን ይዘው ቢሮዬ መጡ። ባለ ሁለት ቅጽ የዕፅዋት መጽሐፍ ነበረን፤ ሥዕሎቹን በእርሳስ፣ መግለጫውን በብዕር እየገለበጡ ከሁለተኛው ቅጽ መካከል ደርሰው ነበር። ወደ መጋዘን ሮጥን፤ አብዛኛው ለወረቀት ፋብሪካ ተጭኖ ሄዷል። ከቀሩት ጆንያዎች ውስጥ የመጀመሪያው ቅጽ ብቻ ተገኘ። ከኋላ ሽፋኑ የተለጠፈው የመመለሻ ቀን ወረቀት ንጹሕ ነው፤ መጽሐፉ በውሰት በወጣ ቁጥር የሚመታው ማኅተም አንድም አልተመታበትም። የገጾቹ የታችኛው ጥግ ግን በጣት ብዛት ጠቁሮ ነበር፤ ጀርባውንም አንድ ሰው በጨርቅ አጠናክሮ በእጁ ሰፍቶታል። ማን እንደ ሰፋው መጠየቅ አላስፈለገኝም። አረጋዊው አንድም ቃል ሳይወቅሱኝ የጨረሱትን ቅጽ ተቀብለው ሄዱ።

ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተማቸው አምስት የቤተ መጻሕፍት ሕጎች «ለእያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉ፣ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው» የሚለውን ለፈተና በቃሌ አጥንቼው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውና በ2022 የታደሰው የኢፍላ (የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን) እና የዩኔስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶም ስብስቡ ለርዕዮተ ዓለም፣ ለፖለቲካ ወይም ለሃይማኖት ሳንሱር እንዳይገዛ ያዝዛል። ይህንኑ ይዤ፣ አንድ የቦርድ አባል አንድ መጽሐፍ እንዲነሣ በጠየቁ ጊዜ እምቢ ብዬ ነበር፤ ዛሬም እኮራበታለሁ። ማንም ሳያስገድደኝ በራሴ ፊርማ ያስወጣኋቸው ግን እጅግ ብዙ ናቸው።

የበጀት አዘገጃጀትንና የሪፖርት አጻጻፍን ሥራው ራሱ ያስተምራችኋል። የዛሬ ወጣቶች ከኮምፒውተር ቁጥር ማውጣት ከእኛ በእጅጉ ትበልጣላችሁ፤ ነገር ግን የወጣውን ቁጥር ቶሎ ታምናላችሁ። አንባቢዎች ያነበቡትን ጠረጴዛው ላይ ትተው እንዲሄዱ አድርጉና፣ ወደ መደርደሪያው ከመመለሱ በፊት ይመዝገብ፤ በየጊዜው ለአንድ ሳምንት እንኳ ቢደረግ በውሰት መዝገብ የማይታየውን ያሳያል። እንዲህ ስል ማስወገድን ፍሩ ማለቴ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ ለሁለት ዓመት አንድም መጽሐፍ ሳላስነሣ ቀርቼ አዳራሹን አጨናንቄአለሁ፤ ይህም ጥፋት ነበር።

በወጣትነቴ ያሠሩኝ ዳይሬክተር በየሳምንቱ አንድ ሰዓት የመመለሻ መስኮቱ ላይ ቆመው መጻሕፍት ይረከቡ ነበር። እኛ ለማዕረጋቸው አይመጥንም እንል ነበር። እኔ ያን መስኮት የያዝሁት ከዕፅዋቱ መጽሐፍ በኋላ ነው፤ ለልጅቷም የምመልስላት መራቅና አለመራቅ እዚያ እንደሚለይ ነው። ወይዘሮዋን ግን «ልክ ነበሩ» ሳልላቸው ጡረታ ወጡ።