ቀሪቦ ለሥራ ሰው፦ ጥያቄና መልስ

ቀሪቦን፣ ማለትም ከታመሰ ገብስ፣ ከስኳርና ከእርሾ የሚሠራውን ጥቁር መጠጥ፣ ቤት ውስጥ ስለማዘጋጀት ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከባቲ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው። መጠኑ ለ5 ሊትር ነው።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ከሥራ የምገባው መሽቶ ነው፤ ያለኝ ቅዳሜ ብቻ ነው። እንዴት ይሆንልኛል?

ጊዜ የሚበላው ማመሱ ስለሆነ እሱን ለይተው ቅዳሜ ይጨርሱት። 2 ኪሎ ገብስ ለቅመው፣ አጥበው፣ በደንብ አድርቀው በብረት ምጣድ በመካከለኛ እሳት ያምሱ፤ እጅ አያርፍም። ቆሎ ሲሆን አያውጡት፣ የተቆላ ቡና እስኪመስል ይጠብቁ። አንዷን ፍሬ በጥርስ ሰብረው ይዩ። ውስጧ ነጣ ካለ ገና ነው፤ ዳር እስከ ዳር ቡናማ ከሆነች ደርሳለች። በጣት ሲነኳት እንደ ከሰል ከደቀቀች አልፋለች፤ ያንን ምሬት ስኳር አይመልሰውም። ሸርከት አድርገው ፈጭተው ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ቢያስቀምጡት 3 ጊዜ ያህል ያሠራል።

ከዚያ በኋላ የሥራ ቀን ማታ ይበቃል። 12 ሰዓት ተኩል ላይ 6 ሊትር ውሃ ያፍሉ፣ 500 ግራም ገብስ ጨምረው 20 ደቂቃ ያንተክትኩ። በነጠላ ጨርቅ አጥልለው ትኩስ እያለ 250 ግራም ስኳር ያሟሙበት። ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ቢያስቀምጡት እራት እስኪበላ ለብ ይላል። ያኔ 1 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ደረቅ የዳቦ እርሾ ጨምረው በንጹህ ጨርቅ ሸፍነው ያሳድሩ። ጠዋት ከዝቃጩ ላይ ቀስ ብለው ይቅዱና ፍሪጅ ያስገቡ። ስኳር ካነሰው ሲጠጣ በብርጭቆ ይጨመር።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ደሴ ያለችው እህቴ በሰጠችኝ ልክ ሠርቼ አረፋው ከባልዲው ፈሶ አደረ፤ ጣዕሙም ጠላ ጠላ ይላል።

የልኩ ጥፋት ሳይሆን የአገሩ ሙቀት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ፤ እርሾ ይህን ልዩነት አሳምሮ ያውቀዋል። እርሾውን ወደ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያውርዱ፣ ከመተኛትዎ በፊት ጨምረው ማልደው ይቅዱ፤ ከዕቃውም ሩቡ ባዶ ይሁን። ለባቲ ሰው ከዚህም ያንሳል፦ ዕቃውን በእርጥብ ጆንያ መጠቅለል ይረዳል። ደሴ በብርድ ወቅት ግን ተቃራኒው ነው፤ ጋቢ ይደረብበት።

ጥያቄ (ባቲ)፦ ለፊጥራ ማቅረብ እፈልጋለሁ። አልኮል አለው ወይስ የለውም?

ስለ ሐላልነቱ ዓሊም ይጠየቅ፤ እዚህ የምመልሰው ስለ አሠራሩ ነው። እርሾ ስኳር በበላ ቁጥር ጋዝም አልኮልም ያወጣል፣ አንዱን ብቻ ማስቀረት አይቻልም። በ1 ሊትር ውስጥ 17 ግራም ስኳር ሙሉ በሙሉ ሲበላ 1 በመቶ ገደማ አልኮል ይሆናል። ከላይ ባለው ልክ በሊትር 50 ግራም ነውና፣ ሁሉም ቢበላ ወደ 3 በመቶ ይጠጋል። በአንድ ሌሊት ብዙው አይበላም፤ ሁለት ቀን ውጭ ከከረመ ግን «ቀሪቦ ነው» ማለት ስሙን ብቻ ነው።

ጨርሶ አልኮል እንዳይኖረው ከፈለጉ እርሾውን ይተዉት። 500 ግራሙን ገብስ በ3 ሊትር ውሃ ወፍራም አድርገው ያፍሉ፣ አጥልለው ስኳር ጨምረው ያቀዝቅዙ፣ ሲቀርብ እኩል በእኩል ከአምቦ ውሃ ጋር ይቀላቅሉ። አረፋውም ጥቁረቱም አለ። ለልጆችም የምመክረው ይሄንኑ ነው።

ጥያቄ፦ ምንም አረፋ አላወጣም።

ወይ ትኩስ ላይ ገብቶ እርሾው ሞቷል፣ ወይ እርሾው አርጅቷል። በሚቀጥለው ጊዜ በግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃና በቁንጥር ስኳር ይሞክሩት፤ በ15 ደቂቃ አረፋ ካላወጣ ይጣል። የእንጀራ እርሾ ግን አይተካውም፣ ያኮመጥጠዋል።

ጥያቄ፦ በጠርሙስ ዘግቼ ለቢሮ ብይዝስ?

የመስታወት ጠርሙስ አይሁን። ፍሪጅ እርሾን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፤ ቦርሳ ውስጥ ሲሞቅ እንደገና ይነሳና ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል። ሃይላንድ ይሻላል፣ ምክንያቱም በእጅ ይለካል። አራት ጣት ያህል ጎድሎ ይሞላና ይዘጋል፣ ጎኑን በአውራ ጣት ጫን ይሉታል። ሰርጎድ ካለ ደህና ነው፤ እንደ ኳስ ከጠጠረ ክዳኑን በትንሽ በትንሹ አላልተው ያስተንፍሱት። መብራት ሄዶ ፍሪጁ ከቆመም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ በሦስተኛው ቀን ኮመጠጠ፣ ላዩም ነጭ ሆነ።

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የማጥለያው ጨርቅ ወይ ውስጡ የተቧጨረ አሮጌ ጀሪካን ነው፤ ጭረቱ ውስጥ የተደበቀውን ሳሙና አያወጣውም። ጨርቁን ቀቅለው ፀሐይ ላይ ያድርቁ፣ ጀሪካኑን ይቀይሩ። ያንን ግን ይድፉት። ቀሪቦ የአንድ ቀን፣ ፍሪጅ ካለ የሁለት ቀን መጠጥ ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቡቻ ለሥራ ሰው አይሻልም?

ኮምቡቻ ከስኳርና ከሻይ የሚሠራ ኮምጠጥ ያለ መጠጥ ነው። በአንድ ነገር ይሻላል፦ ይጠብቃል። ለ1 ሊትር 2 የሻይ ማንኪያ የሻይ ቅጠልና 80 ግራም ስኳር ነው። ሻዩ ፈልቶ ሲቀዘቅዝ 100 ሚሊ ሊትር ከድሮው ኮምቡቻና «እናት» የሚሏት ያቺ ወፍራም ሽፋን ይገባበታል፤ በመስታወት ዕቃ በጨርቅ ተሸፍኖ ከ7 እስከ 14 ቀን ይቀመጣል። ለደሴ ብርድ 14ቱን ይያዙ። ሁለት ቀን ቢረሱት ትንሽ ይኮመጥጣል እንጂ አይበላሽም። የሚቸግረው እናቲቱን ማግኘቱ ነው፤ የሚሠራ ሰው ካለ ቁራጭ ከነፈሳሹ ይለምኑ። ገብሱ ግን የትም አለ።