«ጠንካራ የጥቁር ማኅበረሰብ ያለበት ከተማ የቱ ነው?» ብላ ለጠየቀች የሒሳብ ባለሙያ

እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ለሌሎች አንባቢዎችም እንዲሆን አሳጥሬ ላስቀምጠው። በ12 ዓመትሽ ከወላጆችሽ ጋር በዲቪ ከደሴ ወደ አሜሪካ መጣሽ፤ ያደግሽውም የተማርሽውም አዮዋ ነው። አሁን ዲሞይን ከተማ ውስጥ በአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ የሒሳብ ክፍል አራተኛ ዓመትሽን ይዘሻል፤ ከአራቱ የሲፒኤ (በመንግሥት ፈቃድ የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ) ፈተናዎች ሁለቱን አልፈሻል። በክፍሉ ውስጥ ያለሽው ጥቁር አንቺ ብቻ ነሽ። «ስብሰባ ላይ ስናገር ሁሉም ጸጥ ብሎ ያዳምጠኛል፤ ሐሳቤ የሚነሳው ግን ሌላ ሰው ሲደግመው ነው» ብለሻል። አትላንታን፣ ዋሽንግተንንና ሂውስተንን እያማረጥሽ ነው። እናትሽ ደግሞ «ሀበሻ እያለ ምን ሌላ ታስሻለሽ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ግቢና እረፊው» ይላሉ፤ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሀበሻ የሚበዛበትን ሰፈር ማለታቸው ነው።

ከእናትሽ ልጀምር፤ የሚሉትን አቅልለሽ አትለፊው። እሳቸው የሚያስቡት ስትታመሚ አጥሚት ይዞ የሚመጣውን፣ ሐዘን ሲደርስ ድንኳን የሚተክለውን፣ ነገ ልጅ ስትወልጂ ክርስትና የሚያነሳውን ሰው ነው። አንቺ የምትፈልጊው የዓመቱ የሥራ ግምገማ ሲመጣ ስምሽን በበጎ የሚያነሳ፣ ዕድገት ሲመጣ «እሷስ?» የሚል ሰው ነው። ሁለቱም ያስፈልጉሻል። ችግሩ ሁለቱን የሚሰጡሽ ሰዎች የተለያዩ መሆናቸው ነው፤ አንዳንዴም የሚኖሩት በከተማው ተቃራኒ ጫፍ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ገብቶ ከእሑድ እስከ እሑድ ከሀበሻ ጋር ውሎ ቢሮ ውስጥ ግን ልክ እንደ አንቺ ብቻውን የቀረ ስንት ሰው አውቃለሁ።

ስለዚህ «ጠንካራ ማኅበረሰብ» የምትይውን በራስሽ ሙያ ሚዛን መዝኚው። ለዚህ ደግሞ የሙያሽ ታሪክ በቂ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ1921 ጆን ክሮምዌል የተባለ የዋሽንግተን ሰው በአሜሪካ የመጀመሪያው ጥቁር ሲፒኤ ሆነ። ፈቃዱን ያገኘው ግን በሚኖርበት ከተማ አልነበረም፤ ኒው ሃምፕሻየር ድረስ መሄድ ነበረበት። ምክንያቱ ፈተናው አይደለም። ብዙዎቹ ግዛቶች ፈቃድ የሚሰጡት በሲፒኤ ሥር ሠርቶ ልምዱን ላስፈረመ ሰው ነበር፤ ነጮቹ ባለሙያዎች ደግሞ «ደንበኞቻችን አይቀበሉንም» እያሉ ጥቁር አይቀጥሩም ነበር። ኒው ሃምፕሻየር የሥራ ልምድ አይጠይቅም ነበርና በዚያ በኩል አለፈ። በኋላ ዋሽንግተን ያለው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ፣ የሃዋርድ፣ የሒሳብ ኃላፊ ለመሆን በቅቷል።

በ1943 ደግሞ ሜሪ ዋሽንግተን ቺካጎ ላይ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሲፒኤ ሆነች። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚገርመኝ። የራሷን ቢሮ አጠናክራ ሌሎችን እየቀጠረች ልምዳቸውን መፈረም ጀመረች። ወሬው ሲሰማ፣ በገዛ ግዛታቸው የሚያስጠጋቸው ያጡ ጥቁር ወጣቶች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቺካጎ ይጎርፉ ጀመር። ቺካጎ ያኔ ጥቁር ሕዝብ የበዛባት ብቸኛ ከተማ ሆና አይደለም፤ እዚያ የሚፈርም እጅ ስለነበረ ነው። የሥራ ልምድን በሲፒኤ ማስፈረም ዛሬም ግዴታ ስለሆነ ታሪኩ አላረጀም። አንድን ከተማ ስታይ መጀመሪያ «ከእኔ በላይ ያለው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ማነው?» በይ።

የሕዝብ ብዛት በመቶኛ ደግሞ ያታልላል። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ከአትላንታ ከተማ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ ጥቁር ነው፤ በሂውስተን ከአምስቱ አንድ ያህል ብቻ። ይህን ያየ ሰው ሂውስተንን ወዲያው ይሰርዛታል። ሆኖም የሂውስተን ጥቁር ነዋሪ ለብቻው ሲቆጠር ከአትላንታ ከተማ ጠቅላላ ሕዝብ ጋር ይስተካከላል፤ አትላንታ በከተማነት ድንበሯ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው ነውና ያላት። አብዛኛው «አትላንታ ነው የምኖረው» የሚል ሰው ከከተማዋ ድንበር ውጪ ነው የሚኖረው።

ከሦስቱ ለአንቺ የማደላው ግን ለአትላንታ ነው፤ ምክንያቱም ሥራሽ ነው። አሎንዞ ኸርንደን ባሪያ ሆኖ ተወልዶ፣ በፀጉር አስተካካይነት ሀብት አፍርቶ፣ በ1905 አትላንታ ላይፍ የተባለውን የኢንሹራንስ ኩባንያ ያቋቋመባት ከተማ ናት። በኦበርን ጎዳና ዙሪያ ኢንሹራንሱ፣ ባንኩና ሱቁ ሲሰባሰብ መዝገቡን የሚመረምር ሰው አስፈለገ፤ ጄሲ ብሌይተን በ1928 የጆርጂያ የመጀመሪያው ጥቁር ሲፒኤ ሲሆን ሥራ ይሰጠው የነበረው ይኸው የጥቁር ነጋዴ ነው። ሰውየው በ1949 የሬዲዮ ጣቢያ ገዝቶ በአሜሪካ የመጀመሪያው ጥቁር የጣቢያ ባለቤት እስከ መሆን ደርሷል። የሒሳብ ሰው ከመዝገብ ሌላ ነገር አያውቅም ለሚሉሽ ይህን ንገሪያቸው።

በ1973 ሜናርድ ጃክሰን የከተማዋ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ። አዲሱ የአውሮፕላን ማረፊያ ሲሠራ፣ ከሥራው ሩብ ያህሉ ለጥቁሮችና ለሌሎች አናሳ ወገኖች ድርጅቶች ካልደረሰ ግንባታው አይጀመርም ብሎ ድርቅ አለ። ነጮቹ ተቋራጮች ጮኹ፣ በመጨረሻ ግን ከጥቁር ድርጅቶች ጋር እየተሻረኩ ገቡ። ዛሬ በከተማዋ የምታገኚያቸው የጥቁር አማካሪ ድርጅቶች፣ የሕግ ቢሮዎችና የሒሳብ ቢሮዎች ያደጉት እንዲህ ባለው አሠራር ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ የተመረጡት ከንቲባዎች ሁሉ ጥቁሮች ናቸው። በ2017 ራፋኤል ቦስቲክ የፌዴራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ) የአትላንታ ባንክ ፕሬዚዳንት ሲሆን፣ ከአሥራ ሁለቱ የክልል ባንኮች አንዱን ሲመራ የመጀመሪያው ጥቁር ነበር። ኮካ ኮላ፣ ዴልታ፣ ዩፒኤስና ሆም ዲፖ ዋና መሥሪያ ቤታቸው እዚያው አካባቢ ስለሆነ ለሒሳብ ሠራተኛ ገበያው ሰፊ ነው። ሞርሃውስ፣ ስፔልማንና ክላርክ አትላንታ የተባሉት የጥቁር ኮሌጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው በየዓመቱ ከሚያስመርቋቸው ወጣቶችም እዚያው የሚቀሩ አሉ። አብረውሽ የሚሠሩት፣ አንዳንዴም የሚፎካከሩሽ እነሱ ናቸው።

አትላንታ የምታስለቅሰው በመንገዷ ነው። ማርታ የሚባለው ባቡር ኮብና ግዊኔት ወደተባሉት የሰሜን ወረዳዎች አይደርስም፤ የግዊኔት ነዋሪዎች በ2019 ጭምር በድምፅ ብልጫ ገፍተውታል። ብዙ ቢሮ ያለው ደግሞ በሰሜን በኩል ነው። በምሥራቅ በኩል ባለው በዲካልብ ወረዳ ቤት ተከራይተሽ ኮብ ላይ ሥራ ከያዝሽ ማኅበረሰቡን የምታገኚው በመኪና መስታወት ብቻ ይሆናል፤ ማታ ደክመሽ ትገቢያለሽ፣ ቅዳሜ ልብስ ታጥቢያለሽ። መጀመሪያ ሥራውን ያዢ፣ ቤቱን ከዚያ ፈልጊ። እናትሽን የሚያጽናና ነገርም አለ፦ በክላርክስተንና በስቶን ማውንቴን አካባቢ ሀበሻው ከነቤተ ክርስቲያኑና ከነእንጀራ ቤቱ ሰፍሯል። ስቶን ማውንቴን እንግዲህ ኩ ክላክስ ክላን የተባለው የነጭ ዘረኞች ድርጅት በ1915 እንደገና የተመሠረተበት ተራራ ነው። ዛሬ ከተራራው ሥር ያለው መንደር በአብዛኛው የጥቁር ሆኗል፤ ታሪክ አንዳንዴ ቀልድ ያውቃል።

ዋሽንግተን ሌላ መልክ አላት። በ1970 ከነዋሪዎቿ ከአሥሩ ሰባቱ ጥቁር ነበሩ፤ በ2020 ከአሥሩ አራት ገደማ ቀርተዋል። የቤት ኪራይ ገፍቷቸው፣ ወይም ደልቷቸው ሰፊ ቤት ፈልገው፣ ብዙዎቹ ወደ ሜሪላንዱ ፕሪንስ ጆርጅስ ወረዳ ተሻግረዋል። ይህ ወረዳ ጥቁር ከሚበዛባቸው የአገሪቱ ወረዳዎች መካከል በሀብት ስማቸው ከሚጠሩት አንዱ ነው። በ1969 የተቋቋመው የጥቁር የሒሳብ ባለሙያዎች ብሔራዊ ማኅበርም ጽሕፈት ቤቱ ሜሪላንድ ነው። የመንግሥት ኦዲት ላይ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አካባቢ የለም። ነገር ግን የፌዴራል ሥራ በአብዛኛው የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃል፣ አንቺም ዜግነት ወስደሽ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። በዚያ ላይ በ2025 ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ብዙ ሠራተኛ ተቀንሷል፤ ሥራ ፈላጊው የበዛበት ገበያ ውስጥ ግማሽ ፈተና ይዘሽ ብትገቢ ከባዱን ጊዜ መርጠሽ ገባሽ ማለት ነው። ግብሩንም አስቢው። በፕሪንስ ጆርጅስ የግዛቱና የወረዳው የገቢ ግብር ተደምሮ ወደ 8 በመቶ ይጠጋል፤ አዮዋ አሁን የሚወስድብሽ 3.8 በመቶ ነው። በ70 ሺህ ዶላር ደመወዝ ልዩነቱ በዓመት ከ2 ሺህ ዶላር ያልፋል።

ሂውስተንን በአጭሩ ልለፋት። ቴክሳስ የገቢ ግብር የላትም፣ የነዳጅ ኩባንያዎች የሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋሉ፣ ቴክሳስ ሳውዘርን የተባለው የጥቁር ዩኒቨርሲቲም እዚያ ነው። የነዳጅ ሒሳብ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ አራት ዓመት ያካበትሽውን የኢንሹራንስ ልምድ ጥለሽ ከታች የምትጀምሪ ከሆነ አይዋጥልኝም።

አሁን ደግሞ ደብዳቤሽ ውስጥ ወዳልተጠየቀው ጥያቄ ልግባ። ጥቁር አሜሪካውያን ወደሚበዙበት ከተማ መሄድ በራሱ የእነሱ ማኅበረሰብ አባል አያደርግሽም። እኛ ሀበሾች አጠገባቸው ሃያ ዓመት ኖረን ቤታቸው ቡና ሳንጠጣ የምናረጅ ሰዎች ነን፤ አንዳንዱ ወገናችንማ «ከእነሱ አትግጠሚ» ብሎ ልጁን ይመክራል። እነሱም ይህን ያውቃሉ። በ2005 አካባቢ የእኛ ሰዎች ዋሽንግተን ውስጥ በዩ ጎዳና አጠገብ ያለው ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ይሰየም ሲሉ አንዳንድ ነባር ጥቁር ነዋሪዎች ተቃወሙ። ጎዳናው የጥቁር ሙዚቃና ንግድ ማዕከል ሆኖ የኖረ፣ እነሱም ብዙ የከፈሉበት ነበር። ቅሬታቸው ትክክል ነበር እላለሁ። በሌላ በኩል ዶክተር መላኩ በያንን አስቢ፦ በ1930ዎቹ በሃዋርድ ሕክምና የተማረ፣ ጥቁር አሜሪካዊት ያገባ፣ በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቁሞ በፋሺስት ወረራ ዘመን ጥቁር አሜሪካውያንን ከኢትዮጵያ ጎን ያሰለፈ ሰው ነው። ያን ያህል ሰው ከጎኑ ያገኘው ቀድሞ እነሱ መካከል ስለገባ ነው።

የአንቺ መግቢያ ሙያሽ ነው። ከመወሰንሽ በፊት አትላንታን ለማየት ስትሄጂ በዓል ወይም ቅዳሜና እሑድ አትምረጪ፤ የሥራ ቀን ሂጂና ልትኖሪበት ካሰብሽው ሰፈር እስከ ቢሮዎቹ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ንጂ። የሒሳብ ባለሙያዎቹ ማኅበር ቅርንጫፍ ስብሰባ ያለበትን ሳምንት ምረጪና በእንግድነት ግቢ። እዚያ ንግግሩን ብዙ አታዳምጪ። ስብሰባው ካለቀ በኋላ ማን እንደሚቆይ ተመልከቺ፦ የድርጅት ሸሪኮችና የፋይናንስ ኃላፊዎች ቆመው ከወጣቶቹ ጋር የሚያወሩ ከሆነ ያ ቅርንጫፍ ሕይወት አለው፤ ሥራ ፈላጊው ብቻ እርስ በርሱ ወረቀት የሚለዋወጥ ከሆነ ገንዘብ ያዥ እንደሌለው እድር ነው። ቃለ መጠይቅ ስትቀርቢም «ብዝኃነትን እናከብራለን» የሚለውን ጽሑፍ እርሺው፤ በ2025 ብዙ ኩባንያ ከድረ ገጹ አንስቶታል፣ ሲኖርም ብዙ አልጠቀመም። «በዚህ ክፍል በቅርብ ወደ ሥራ አስኪያጅነት ያደጉት እነማን ናቸው? ከየት ተነሥተው?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ስም ካለው ጥሩ፤ ስለ ኩባንያው ባህል ንግግር ከሆነ ገብቶሻል።

ሥራ ሳትይዢ አትልቀቂ። የመዛወሪያ ወጪ እንከፍላለን ካሉሽ ውሉን እስከ መጨረሻው አንብቢ፤ ብዙ ጊዜ ዓመት ሳይሞላሽ ከለቀቅሽ ገንዘቡን የሚያስመልስ አንቀጽ ይኖረዋል። መጀመሪያ ላይ በአጭር ውል ተከራዪ። ያለፍሻቸው ሁለቱ ፈተናዎች ወደ ሌላ ግዛት ይዛወራሉ፣ ግን የሚያገለግሉበት ጊዜ ያልቃል፤ ብዙ ግዛቶች ከ18 ወር ወደ 30 ወር አራዝመውታልና የአዮዋንም የጆርጂያንም ቦርድ ደንብ አይተሽ ቀኑን ያዢ። ለፈቃዱ የሚጠየቀው የዩኒቨርሲቲ ክሬዲት ሰዓትም እየተለወጠ ነው፤ ኦሃዮን ጨምሮ የተወሰኑ ግዛቶች በ150 ፈንታ በ120 ክሬዲትና በሁለት ዓመት ልምድ የሚያልፍ መንገድ በሕግ ከፍተዋል። እኔ ብሆን የቀሩትን ሁለት ፈተናዎች እዚያው ዲሞይን፣ ኪራዩ ርካሽ በሆነበት፣ ወላጆችሽ ምሳ በሚያቀብሉሽ ቦታ እጨርሳቸዋለሁ።

አለቃሽ ሲፒኤ ከሆነ ደግሞ መልቀቂያ ከማስገባትሽ በፊት የሥራ ልምድ ማረጋገጫውን ቅጽ አስፈርሚው። ከወጣሽ በኋላ አለቃው ሊቀየር ይችላል፤ ፊርማ በኢሜይል መለመን ደግሞ ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው።