አዲስ የጎልፍ ድራይቨር ለደጋ ሜዳ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ፣ ከሰበታና ከቡራዩ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አብዛኞቹ ስለ አዳዲሶቹ ድራይቨሮች፣ ማለትም ኳሷን በጣም ሩቅ ስለሚልኩት የጎልፍ ክለቦች (ዱላዎች)፣ ይጠይቃሉ። ለብዙዎች ይጠቅማሉ ያልናቸውን መርጠናል። መልሶቹ ቀኝ እጃቸው ለሚቀናቸው ተጫዋቾች የተጻፉ ናቸው፤ በግራ የምትመቱ ቀኝና ግራውን ገልብጣችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ሊመጣ ስለሆነ ድራይቨር ላዝዘው አስቤያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የፒንግ ኩባንያ ጂ440፣ ማክስ፣ ኤልኤስቲ እና ኤስኤፍቲ የሚባሉ ዓይነቶች አሉት። ጓደኞቼ «ሩቅ የሚመታው ኤልኤስቲው ነው» ይሉኛል። የስዊንግ (ክለቡን የመወንጨፍ) ፍጥነቴ በሰዓት 90 ማይል ገደማ ነው፤ ኳሷ ብዙ ጊዜ ወደ ቀኝ ትታጠፍብኛለች። የቱን ልዘዝ? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ማክሱን ይዘዙ፣ ሎፍቱም (የፊቱ ወደ ኋላ ማዘንበል) 12 ዲግሪ ይሁን።

ኤልኤስቲ የተሠራው የኳሷን ስፒን (ሽክርክሪት) ለመቀነስ ነው። ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ ታች የተጠጋ ስለሆነ ከመሃል ሲመቱት ስፒኑ ያንሳል፤ ከመሃል ወጣ ብለው ሲመቱት ግን ጭንቅላቱ ቶሎ ይጠመዘዛል፣ የኳሷም ፍጥነት ይወርዳል። ከእሱ የሚጠቀመው በሰዓት 105 ማይልና ከዚያ በላይ የሚወነጭፍ፣ ስፒን በዝቶበት ኳሷ ወደ ላይ እየተነሣች የምትቀርበት ሰው ነው። በ90 ማይል ፍጥነት ላይ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ ኳሷ በቂ ከፍታ ሳትይዝ ትወድቃለች።

ኤስኤፍቲው ክብደቱ ወደ ተረከዙ (በትሩ ወደገባበት ጎን) የተጠጋ ነው፤ ፊቱ በቀላሉ እንዲዘጋና ኳሷ ወደ ግራ እንድታዘነብል ያግዛል። ማክሱም ከኋላው ያለችው ክብደት ከቦታ ቦታ ስለምትዘዋወር ወደ ተረከዝ በማምጣት ከዚሁ ጥቅም ከፊሉን ያገኛሉ፤ ስላይሱ (የኳሷ ወደ ቀኝ መታጠፍ) ሲስተካከልልዎ ደግሞ ወደ መሃል ይመልሷታል። ኤስኤፍቲ ከገዙ ይህ ምርጫ የለዎትም።

ወንድምዎ ፒንግ ካጣ ስያሜዎቹ በሌሎቹም ኩባንያዎች ዘንድ ተመሳሳይ ሥርዓት አላቸው። በቴይለርሜድ ኪውአይ35 ኤልኤስ የሚለው ዝቅተኛ ስፒን ያለው ነው፣ ማክስ የሚለው ደግሞ ከመሃል ላልወጣም ለወጣም ምት የሚራራው ነው። በካላዌይ ኢላይት ትሪፕል ዳይመንድ የሚባለው የፈጣኖቹ ነው፤ ኤክስ የሚባለው ወደ ግራ ያዘነብላል። በታይትሊስት ጂቲ2 ስህተት ቻይ ነው፤ ጂቲ4 መጠኑ 430 ሲሲ ብቻ የሆነና ስፒኑ ዝቅ ያለ ነው።

ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ግን አንድ ነገር ያረጋግጡ። አሁን ባለዎት ድራይቨር ፊት ላይ ቤቢ ፓውደር ወይም የተፈጨ ጠመኔ በስሱ ይቀቡና አስር ኳስ ይምቱ፤ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ምልክቱን አይተው እንደገና ይቀቡ። ኳሷ የነካችበት ቦታ ላይ የኳሷ ጉድጓዶች ጭምር ቁልጭ ብለው ይታያሉ። አብዛኞቹ ምልክቶች ከመሃል ወደ ተረከዙ ካዘነበሉ፣ ፊቱ ቀጥ ብሎ ቢደርስ እንኳ ኳሷ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ከተረከዝ የተነሣ ምት ኳሷን ወደ ቀኝ፣ ከጫፍ (ከተረከዙ ተቃራኒ ጎን) የተነሣ ደግሞ ወደ ግራ ያሽከረክራታልና። መድኃኒቱ ድራይቨር መለወጥ አይደለም። ግሪፑ (መያዣው) ላይ አንድ ኢንች ዝቅ ብለው ይያዙ፣ ከኳሷም ጥቂት ራቅ ብለው ይቁሙ። ምልክቶቹ መሃል ላይ ሆነው ኳሷ አሁንም ወደ ቀኝ የምትታጠፍ ከሆነ፣ ፊቱ ከስዊንጉ መንገድ አንጻር ክፍት ሆኖ እየደረሰ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ተረከዝ የመጣች ክብደት በእርግጥ ትረዳለች።

ጥያቄ፦ የውጭ አገር ግምገማዎች ላይ «ለመካከለኛ ፍጥነት 10.5 ዲግሪ ይበቃል» ይባላል። የእኛ ከፍታ ይህን ይለውጠዋል? በክረምትስ? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ይለውጠዋል፤ ድራይቨር ሲመረጥ ከሁሉም በላይ የሚረሳውም ይኸው ነው። በየግምገማው የሚወጡት ቁጥሮች በአብዛኛው ለባሕር ወለል ወይም ለዚያ ለተቃረበ ቦታ የተለኩ ናቸው። አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የእርስዎ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው።

ቀጭን አየር በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያደርጋል። ኳሷን የሚይዛት ሰበቃ ስለሚቀንስ ሩቅ ትሄዳለች፤ ደህና አድርጎ ለመታ ሰው ጭማሪው አስር በመቶ ገደማ ይሆናል። በሌላ በኩል በስፒን አማካይነት ወደ ላይ የሚያነሣት ኃይልም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ኳሷ ከፊቱ ስትነሣ የያዘችው ስፒን እዚህም እዚያም አንድ ነው፤ የሚለየው ያ ስፒን አየሩ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ በባሕር ወለል ላይ አምሮ የሚነሣ ምት እዚህ ዝቅ ብሎ ይበራል፣ ሳይታሰብም ይወርዳል። ፈጣን ተጫዋች ይህን አይሰማውም፤ ፍጥነቱ ያካክስለታል። በ80 እና በ90 ማይል የሚወነጭፍ ሰው ግን አስር በመቶ ሊያገኝ ሲገባው ከፊሉን በሎፍት ማነስ ያጣዋል።

ከእኛ ጋር በከፍታ የሚቀራረብ ታዋቂ ሜዳ ካስፈለገ፣ ከ2017 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች የተወዳደሩበት የሜክሲኮ ሲቲው ቻፑልቴፔክ አለ። ባለሙያዎቹ እዚያ ሲደርሱ የእያንዳንዱን ክለብ ርቀት እንደ አዲስ እየለኩ ነበር የሚጫወቱት።

ምክራችን እንዲህ ነው፦ ከ85 ማይል በታች ከሆኑ 12 ዲግሪ፤ ከ85 እስከ 95 ከሆኑ በውጭ ከሚመከረው አንድ ዲግሪ ወይም አንድ ተኩል ጨምረው፤ ከ105 በላይ ከሆኑ እንደተመከረው ይውሰዱ። በመካከል ያሉት ምልክቱን ከኳሷ በረራ ያንብቡ። ኳሷ ጫፍ ላይ ሳትደርስ ወደ መሬት የምትታጠፍ ከሆነ ሎፍት ጎድሏል።

ቀጭን አየር ስላይስንም ያለዝባል፤ ኳሷን ወደ ጎን የሚገፋት ኃይል ያው የስፒኑ ነውና። ስለዚህ እዚህ ወደ ቀኝ 20 ሜትር የምትታጠፍ ኳስ ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ከዚያ በላይ ትታጠፋለች። ወደ ውጭ አገር ሄደው ሲጫወቱ ድራይቨሩ የተበላሸ እንዳይመስልዎ።

በክረምት ጉዳዩ ይበረታል። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ፌርዌዩ (የሜዳው የታጨደ ሣር) ውሃ ጠጥቶ ይለሰልሳል፣ ኳሷ የወደቀችበት ትቀራለች፤ በአየር ላይ የሄደችው ርቀት ብቻ ነው የሚቆጠረው። በጥርና በየካቲት ግን መሬቱ ደርቆ ስለሚጠነክር ዝቅ ብላ የበረረች ኳስም ተንከባልላ ርቀቱን ትሞላለች። የሎፍት ማስተካከያ ያለው ድራይቨር ካለዎት ለክረምት አንድ ዲግሪ ከፍ ያድርጉት።

የራዳር መለኪያ የሚጠቀሙ ደግሞ ማሽኑ ላይ የቦታው ከፍታ በትክክል መሞላቱን ይመልከቱ። ርቀቱን ወደ ባሕር ወለል ቀይሮ እንዲያሳይ የተሞላ ማሽን ሜዳ ላይ ከሚያዩት ያነሰ ይነግርዎታል፤ ብዙ የክለብ ርቀት ክርክር የሚነሣውም ከዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሕጉ የሚፈቅደው 5,900 ነው ይባላል፤ ታዲያ «10,000» ተብለው የሚሸጡት ድራይቨሮች እንዴት ተፈቀዱ? (ከቡራዩ)

መልስ፦ ሕጉ የሚገድበው ጭንቅላቱ በቆመ ዘንግ ዙሪያ፣ ማለትም ወደ ጫፍና ወደ ተረከዝ ሲመታ የሚያሳየውን መጠምዘዝን የመቋቋም አቅም ነው። ገደቡ 5,900 ግራም ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ሲሆን ለልኬት ስህተት 100 ይታከልበታል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጡት የቴይለርሜድ ኪውአይ10 ማክስና የፒንግ ጂ430 ማክስ 10ኬ ያስተዋወቁት ቁጥር በዚህ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች መጠምዘዝን የመቋቋም አቅም ተደምሮበት ነው። የሁለት ልኬቶች ድምር ስለሆነ ሕግ አልተጣሰም። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ከመሃል ወጣ ብሎ የተመታ ኳስ አቅጣጫውን ይጠብቃል። ከመሃል የተመታን ኳስ ግን አያርቅም፤ የፊቱ የመመለስ ኃይል በሕግ ስለተገደበ ሁሉም ኩባንያዎች ጣሪያው ላይ ደርሰዋል።

ጥያቄ፦ ሎፍቱን በራሴ ባስተካክል ክለቡ ይበላሽብኛል? አንዴ ካዲው (ዱላ ያዡ) ሲያጠብቅልኝ ከውስጥ የሚንኳኳ ድምፅ መጣ። (ከለገጣፎ)

መልስ፦ በራስዎ ይችላሉ፤ ከክለቡ ጋር የመጣውን ቁልፍ ብቻ ይጠቀሙ። ያ ቁልፍ ጥብቀቱ ሲበቃ «ቀጭ» ይላል፤ አብዛኞቹ 4.5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ላይ ነው የሚሉት። የጋራዥ ቁልፍ ይህን ስለማይነግር ወይ ይላላል ወይ የቡሎኑን ጥርስ ይበላዋል።

ቡሎኑን ከታች ሙሉ በሙሉ ይፍቱና ሻፍቱን (በትሩን) ቀጥ አድርገው ያውጡ። በሻፍቱ ጫፍ ያሉትን የማስተካከያውን ጥርሶችና የጭንቅላቱን ቀዳዳ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። የሚፈልጉትን ምልክት ከጭንቅላቱ ምልክት ጋር ያገጣጥሙ፣ ሻፍቱ ምንም ክፍተት ሳይተው እስኪቀመጥ ይግፉ። ቡሎኑን መጀመሪያ በጣት ኃይል ብቻ ያስገቡ፤ ካስቸገረ ዘሞ ገብቷልና አያስገድዱት፣ አውጥተው እንደገና ይጀምሩ። ከዚያ ቁልፉ እስኪጮህ ያጥብቁ፤ ከጮኸ በኋላ አይጨምሩ።

የሚንኳኳው ድምፅ ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል። ቡሎኑ ወይም ከኋላ ያለችው ክብደት ላልታ ሊሆን ይችላል፤ ቁልፉ ይፈታዋል። በማስተካከያው ጥርሶች መካከል የገባ አሸዋ ወይም ጭቃ ከሆነ መጥረግ ይበቃል። ሁለቱም ካልሆኑ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ማጣበቂያ ቁራጭ ለቋል፤ ክለቡን ጆሮዎ አጠገብ ሲያወዛውዙ ትንሽ ጠጠር የሚንከባለል ያህል ይሰማል። ይህኛው ጨዋታን አይጎዳም፣ ግን ዋስትና ካለ ይመልሱት።

ሁለት ነገር ይወቁ። ሎፍት ሲጨምሩ ፊቱ ወደ ግራ ይዘጋል፣ ሲቀንሱ ወደ ቀኝ ይከፈታል፤ ስላይስ ያለበት ሰው ሎፍት ሲቀንስ ስላይሱ የሚብሰው ለዚህ ነው። በተጨማሪም በብዙ ዓይነቶች ላይ ማስተካከያው ሲዞር ሻፍቱም አብሮ ይዞራልና ግሪፑ ከሥሩ በኩል ሸንተረር ያለው ከሆነ ሸንተረሩ ቦታውን ይለቃል፤ እጅዎ ሳያውቀው ሌላ አያያዝ ይይዛል። ክብ ግሪፕ ይህ ችግር የለበትም። በውድድር ላይ ግን ዙሩ ከተጀመረ በኋላ ሎፍቱን ለውጦ መምታት ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ድራይቨር በደህና ዋጋ አግኝቻለሁ። አስመስሎ የተሠራ መሆኑን በምን ልለይ? (ከሰበታ)

መልስ፦ ትንሽ ማግኔት ይዘው ይሂዱ። ቲታኒየም በማግኔት አይሳብም፤ አስመስለው የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ብረት ይጠቀማሉ። ማግኔቱን በፊቱና በወለሉ (በታችኛው ገጽ) ላይ ያስጠጉ፤ ቡሎኑና ክብደቱ ላይ ቢይዝ ግን ችግር የለም። በኩሽና ሚዛን ጭንቅላቱን ብቻ ይመዝኑ፤ 200 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። አንገቱ ላይ የተቀረጸው መለያ ቁጥር በሌዘር የወጣ፣ ጥርት ያለ መሆኑን ይመልከቱ፤ በቀለም የታተመ ከሆነ ይተዉት። በመጨረሻም የጭንቅላቱን አክሊል (የላይኛውን ገጽ) በጣት ጥፍር ዙሪያውን መታ መታ ያድርጉ፤ ድምፁ በአንድ ቦታ ላይ ድንገት ከደፈነ የካርቦኑ ሽፋን ተላቋል ወይም ተሰንጥቋል።

ጥያቄ፦ ቁመቴ 1.58 ሜትር ነው። የተላከልኝ ድራይቨር 46 ኢንች ስለሆነ ከመሃል መምታት አቅቶኛል። ልቁረጠው? (ከቡራዩ፣ አንዲት አንባቢ)

መልስ፦ ወዲያው አይቁረጡት፣ እህታችን። መጀመሪያ ግሪፑ ላይ ከላይ አንድ ኢንችና ሁለት ኢንች ላይ ነጭ ፕላስተር ይጠቅልሉና ከዚያ በታች እየያዙ ለሁለት ሳምንት ይጫወቱ። ፊቱ ላይ ቤቢ ፓውደር ቀብተው ኳሷ የምትተዋቸውን ምልክቶች ያወዳድሩ፤ ለእርስዎ ቁመት 44 ወይም 44.5 ኢንች ሊስማማ ይችላል።

ልዩነቱ ግልጽ ሆኖ ከታየ ይቆረጣል፣ ሁልጊዜ ከግሪፑ በኩል፤ ከጭንቅላቱ በኩል ከተቆረጠ ሻፍቱ ይጠጥራል፣ ማስተካከያውም ይጎዳል። ግሪፑን ይግፈፉ፣ የሚቆረጥበትን ቦታ በፕላስተር ይጠቅልሉ፣ ጥርሱ ጥቃቅን በሆነ የብረት መጋዝ ሻፍቱን እያዞሩ ይቁረጡ። የቧንቧ መቁረጫ ካርቦኑን ይሰነጥቀዋል። ብናኙ ለሳንባ ስለማይበጅ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ።

አንድ ኢንች ሲያጥር ጭንቅላቱ ቀሎ ይሰማል። ያንን ለመመለስ ለእያንዳንዱ ኢንች ከ10 እስከ 12 ግራም የሚሆን የእርሳስ ቴፕ ከወለሉ ኋላ መሃል ላይ ይለጥፉ፤ ወይም ክብደቱ የሚቀየር ከሆነ ከበድ ያለውን ይግዙ። ይህን ካልሠሩ ጭንቅላቱ የት እንዳለ አይሰማዎትም፣ ምቱም ይበተናል። አዲሱን ግሪፕ ሲያስገቡ ባለሁለት ፊት ፕላስተሩን በቀለም ማቅጠኛ በደንብ ያርጥቡ፣ ማቅጠኛው የሻፍቱን ቀለም እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ ፊቱ ቀጥ እያለ ግሪፑን በፍጥነት ይግፉና እስከ ነጋታው አይምቱበት።