ክፍያው ያልተጠናቀቀ ንድፍ በሌላ ባለሙያ ተቀይሮ ሲገነባ

ጥያቄ፦ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር አነስተኛ የአርክቴክቸር ቢሮ አለኝ። ለአንድ ደንበኛ የባለ አራት ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ንድፍ ሠርተን የመጀመሪያውን ክፍያ ተቀበልን፤ የግንባታ ፈቃዱም በእኔ ፊርማና ማኅተም ወጣ። ደንበኛው ቀሪውን ሳይከፍል ሥራውን ማቋረጡን በኢሜይል ካሳወቀኝ በኋላ፣ በላክንለት የኮምፒውተር ፋይል ላይ ሌላ ባለሙያ ሁለት ምሰሶዎችን አንሥቶና ደረጃውን አዛውሮ ግንባታው ተጀምሯል። የተፈረመ ውል የለንም፤ በእጃችን ያለው የኢሜይል ልውውጥና የክፍያ ደረሰኝ ብቻ ነው። የሕንፃውን ምስሎች ያዘጋጀልን በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራ የውጭ ባለሙያ ነበር። ግንባታውን ማስቆም እችላለሁ? ቀሪ ክፍያዬንስ ማግኘት እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎ በአብዛኛው ስለ ክፍያው የሚናገር ቢሆንም፣ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ በአንድ ሐረግ ያለፉት ጉዳይ ነው፤ ምሰሶዎቹ ተነሥተዋል፣ በፈቃድ ሰጪው አካል መዝገብ ላይ ያለው ፊርማና ማኅተም ግን እስከ ዛሬ የእርስዎ ነው። ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ መልሴ አብዛኞቹ የሕግ ሥርዓቶች በሚጋሩት መርሕ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ምሳሌ ያስፈለገበት ቦታ ላይ የአገሩን ስም እጠቅሳለሁ።

የተፈረመ ሰነድ ባይኖርም ውል አለ ብሎ መከራከር ይቻላል። የአገልግሎት ውል በመርሕ ደረጃ አንዱ ወገን ባቀረበውና ሌላው በተቀበለው ሐሳብ ይመሠረታል፤ የሥራውን ዝርዝርና ዋጋ የያዘው ኢሜይልዎ፣ ደንበኛው የፈጸመው የመጀመሪያ ክፍያ፣ እንዲሁም ንድፉን ለፈቃድ ማቅረቡ ለውሉ መኖር ጠንካራ ማስረጃዎች ናቸው። ይሁን እንጂ በአንዳንድ አገሮች የጽሑፍ ውል የሙያ ግዴታ ነው፤ ለምሳሌ በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአርክቴክቶች የሥነ ምግባር ደንብ ከሥራው በፊት የጽሑፍ ስምምነት እንዲደረግ ያዛል። ስለዚህ ክስ ከመመሥረትዎ በፊት ፈቃድዎን የሰጠው አካል ተመሳሳይ ግዴታ የሚጥል መሆን አለመሆኑን ያረጋግጡ፤ ተከሳሹ ይህን ነጥብ በመከላከያ መልሱ ማንሣቱ አይቀርም።

ወደ ቅጂ መብቱ ስንመጣ፣ የቅጂ መብትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1886 ሲፈረም ለሥነ ሕንፃ ፕላኖችና ንድፎች ጥበቃ የሰጠ ሲሆን፣ በ1908 በበርሊን ሲሻሻል ደግሞ የሥነ ሕንፃ ሥራዎችን ራሳቸውን ጨምሯል። ፋይሉን የተቀበለ ሰው የቅጂ መብቱን አብሮ አልተቀበለም። ነገር ግን ደንበኛው ፍርድ ቤት ቀርቦ «ንድፉን ያዘዝሁት ልገነባው ነው፤ ስለዚህ የመጠቀም ፈቃድ በዝምታ ተሰጥቶኛል» ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ ይህ ክርክር ደግሞ ቀላል አይደለም። የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መግቢያ ላይ ሁለት ተቀራራቢ ጉዳዮችን አይቶ ወደ ተለያየ ውጤት ደርሷል። አርክቴክቱ ለፈቃድ ደረጃው ሥራ፣ ማለትም ንድፉ ለግንባታ ፈቃድ እስኪቀርብ ላለው ሥራ፣ ሙሉ ክፍያውን በተቀበለበት ጉዳይ፣ ንድፉን በዚያው ቦታ ላይ ለመገንባት የመጠቀም ፈቃድ በውስጠ ታዋቂ (በግልጽ ሳይነገር) እንደተሰጠ ተቆጥሯል፤ አርክቴክቱ ለስሙ ያህል ብቻ አነስተኛ ክፍያ በጠየቀበት ሌላ ጉዳይ ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ የለም ተብሏል። ስለዚህ የእርስዎን ጉዳይ ሊወስን የሚችለው የመጀመሪያው ደረሰኝ ላይ የጻፉት ቃል ነው፤ «ቅድመ ክፍያ» ይላል ወይስ «የፈቃድ ደረጃ ሥራ ክፍያ»? ሁለተኛው ከሆነ የቅጂ መብት ክርክርዎ ይዳከማል። ያም ሆኖ የመገንባት ፈቃድ ንድፉን የመለወጥ ፈቃድን የግድ አያካትትም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ሕግ የሕንፃ ባለቤት ያለ አርክቴክቱ ፈቃድ እንዲለውጥና እንዲያፈርስ የሚፈቅድለት ሕንፃውን ነው፤ እርስዎ ዘንድ የተለወጠው ግን ገና ያልተገነባ ንድፍ ነው።

ግንባታውን በቅጂ መብት ምክንያት የሚያስቆም የዕግድ ትእዛዝ ለማግኘት ብዙ ተስፋ እንዲያደርጉ አልመክርም። ፍርድ ቤቶች ሥራው ከተጀመረ በኋላ የሁለቱን ወገኖች ጉዳት አመዛዝነው፣ በገንዘብ ሊካስ የሚችለውን በካሣ መጨረስን ይመርጣሉ። የተነሡት ምሰሶዎች ግን ሌላ በር ይከፍታሉ። ከጸደቀው ፕላን ውጭ የሚካሄድ ግንባታን የመመርመርና የማስቆም ሥልጣን በአብዛኛው የግንባታ ፈቃድ ሰጪው አካል ስለሆነ፣ ይህ መንገድ ከፍርድ ቤቱ ይልቅ አጭር ነው፤ በሕንፃው ውስጥ ለሚኖሩት ሰዎች ደኅንነት ሲባልም መዘግየት የሌለበት ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። በፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት አርክቴክቱ የሕንፃውን ጥንካሬ ለሚያናጋ ጉድለት ርክክቡ ከተፈጸመ በኋላ ለ10 ዓመታት ኃላፊ ሲሆን፣ ይህን ኃላፊነት በውል ማስቀረት አይቻልም፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የግብፅ የፍትሐ ብሔር ሕግም አርክቴክቱንና ተቋራጩን ለ10 ዓመታት በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ያደርጋል፤ ይህም ማለት ሙሉው ካሣ ከሁለቱ ከአንዳቸው ብቻ ሊጠየቅ ይችላል። እርግጥ ጉዳቱ የደረሰው በሌላ ሰው ለውጥ መሆኑ መከላከያ ነው፤ ነገር ግን ይህን የማስረዳት ሸክም እርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ያኔ የሚያድንዎት ዛሬ የሚጽፉት ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤው ለደንበኛው፣ ለፈቃድ ሰጪው አካልና ለተቋራጩ ይድረስ። ያስረከቡትን እያንዳንዱን ስዕል በቁጥሩ፣ በቀኑና በዕትሙ ይዘርዝሩ፤ ከእነዚያ ውጭ ለተደረገ ለውጥ ፊርማዎና ማኅተምዎ እንደማያገለግል በግልጽ ይግለጹ፤ በሥራው ላይ የመከታተል ኃላፊነትዎ ያበቃበትን ቀን ይጻፉ፤ ምሰሶዎቹን ማንሣት በባለሙያ ዓይን ሊያስከትል የሚችለውን አደጋም ያስጠንቅቁ። ለውጡን ያደረገውን ባለሙያ በስም አይወንጅሉ፤ ያዩትንና በሰነድ ሊያስረዱ የሚችሉትን ብቻ ይጻፉ፤ አለዚያ የስም ማጥፋት ክስ ራስዎ ላይ ይጋብዛሉ። የክፍያ ጥያቄውን በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አይቀላቅሉት፤ የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ገንዘብ ማስከፈያ መሣሪያ መስሎ ከታየ ክብደቱን ያጣል።

ቀሪውን ክፍያ በተመለከተ፣ ደንበኛው ሥራውን የማቋረጥ መብት ቢኖረው እንኳ እስከዚያ ቀን ለተሠራው ሥራ መክፈሉ የተለመደ መርሕ ነው። በደረጃ የተከፋፈለ ሂሳብ አዘጋጅተው የመክፈያ ቀነ ገደብ ካለው ማስጠንቀቂያ ጋር ለብቻው ይላኩ።

ምስሎቹን ያዘጋጀውን የውጭ ባለሙያ በሚመለከት ቀዳዳ ይታየኛል። ተቀጣሪ ያልሆነ ሰው የሠራው ሥራ የቅጂ መብት፣ በጽሑፍ ካልተላለፈ በቀር፣ በብዙ አገሮች የሠሪው ሆኖ ይቆያል፤ ስለዚህ በምስሎቹ ላይ መብት አለኝ ብለው ከመከራከርዎ በፊት መብቱን ያስተላለፈበት የተፈረመ ሰነድ ሊኖርዎት ይገባል። ዛሬውኑ አነጋግረው ያስፈርሙት፤ ሊከፈለው የሚገባ ቀሪ ካለም አስቀድመው ይክፈሉት።

የሙያ ኃላፊነት መድን ካለዎት፣ ከላይ ያልኩት ደብዳቤ ከመውጣቱ በፊት መድን ሰጪውን ያሳውቁ። እንዲህ ያሉ ውሎች በአብዛኛው የሚሸፍኑት በውሉ ዘመን የቀረበን የካሣ ጥያቄ እንጂ በዚያ ዘመን የተሠራን ሥራ አይደለም፤ ወደ ክስ ሊያመራ የሚችል ሁኔታን አውቆ ዝም ማለት ሽፋኑን ሊያሳጣዎት ይችላል። ለመድን ሰጪው በሚጽፉት ማሳወቂያ ውስጥ ስለ ጥፋተኝነት አንዳች ነገር ሳያምኑ፣ ሁኔታውን፣ ቀኖቹንና የስዕሎቹን ዝርዝር ብቻ ያያይዙ።