42 ዓመት የሚለው ቁጥር አስፈራኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እጮኛዬ ናይጄሪያዊ ነው፣ 36 ዓመቱ ነው፣ ሲክል ሴል የሚባል በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ አለበት። በቀደም ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ "ወንዶቹ የሚኖሩት 42 ዓመት ነው" የሚል አየሁና እንቅልፍ አጣሁ። እናቴም ሰምታ "ልጄ፣ ሳታረጂ ጥቁር ልትለብሺ ነው?" እያለች ታለቅሳለች። እውነት 6 ዓመት ብቻ ነው የቀረን?
የጨነቃት

መልስ፦ የኔ እህት፣ አይደለም። ያ ቁጥር የመጣው በፈረንጆቹ በ1994 አሜሪካ ውስጥ ከወጣ ትልቅ ጥናት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምነግርሽ በፈረንጆቹ ነው)፣ ከ3,700 በላይ በሽተኞችን ተከታትለው ኤስኤስ የሚባለው ከበድ ያለው አይነት ላለባቸው ወንዶች 42 ለሴቶች 48 አሉ፣ ኤስሲ ለሚባለው ቀለል ላለው አይነት ግን ለወንዶች 60 ለሴቶች 68 ነው የወጣው። ስለዚህ መጀመሪያ የሱ የትኛው እንደሆነ ጠይቂው፣ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ሲክል ሴል ነው ብሎ ያልፈዋል እኮ።

42 ማለት ደሞ ሁሉም በ42 ይሞታል ማለት አይደለም፣ ግማሹ ከዛ በፊት ግማሹ ከዛ በኋላ ማለት ነው፣ እዛ ውስጥ በህፃንነታቸው የሞቱትም ተቆጥረዋል። እሱ ያንን ሁሉ አልፎ 36 ደርሷል። ከ42 ላይ 36 ቀንሶ 6 ማለት ሂሳቡ ራሱ ስህተት ነው፣ እባክሽ ይሄን ለእናትሽም አስረጂያቸው።

ሰዎቹን መከታተል የጀመሩት ደሞ በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፣ ህመሙን የሚቀንሰው ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባለው መድኃኒት ለአዋቂዎች የተፈቀደው ግን በ1998 ነው፣ ስለዚህ ያ ቁጥር ከመድኃኒቱ በፊት የነበረ ነው። ለንደን ውስጥ አንድ ሆስፒታል አዋቂ ታካሚዎቹን ተከታትሎ በ2016 ባወጣው ጥናት ግማሹ ሰው የሚደርስበት እድሜ 67 ሆኗል።

በሽታው ቀላል ነው እያልኩሽ ግን አይደለም። የደም ሴሉ እንደ ማጭድ እየጎበጠ ደም ስር ይዘጋል፣ ኩላሊትም ሳንባም ይጎዳል። በዛው በ1994ቱ ጥናት ከሞቱት አዋቂዎች አንድ ሶስተኛው የሚታይ የኩላሊት ወይ የሌላ አካል ድካም ሳይኖርባቸው ህመሙ ድንገት ተነስቶባቸው ነው የሞቱት። ስለዚህ ትኩሳትና የደረት ህመም ከመጣ ወይ መተንፈስ ከከበደው ይነጋል ብላችሁ እንዳትጠብቁ፣ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

ከሀኪሙ ጋር ስትገቡ "ስንት ዓመት ይኖራል" ከምትዪ ኩላሊቱ እንዴት ነው፣ የፅንስ ሄሞግሎቢኑ (ሲበዛ የደም ሴሉን ከመጉበጥ የሚከላከለው) ስንት ነው፣ ሃይድሮክሲዩሪያ ይስማማዋል ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ የሱን እድሜ የሚነግሩሽ እነዚህ ናቸው። ደሞ ዓመት ብቻ አይለካም፣ ለአዋቂ ሲክል ሴል ታማሚዎች ተብሎ የተዘጋጀ መጠይቅ አለ፣ ስለ ህመሙ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ስሜቱ፣ ከሰው ጋር ስላለው ኑሮ ይጠይቃል። አንቺም እነዚህን ጠይቂው፣ ምናልባት ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ልጅ የምታስቡ ከሆነ ደሞ አንቺም የሄሞግሎቢን ምርመራ አድርጊ። ያንቺ ንፁህ ከሆነ ልጆቻችሁ የጂኑ ተሸካሚ ይሆናሉ እንጂ በሽታው አይዛቸውም።