አልበም አለቀ የሚባለው መቼ ነው?

«ጋሼ፣ አልበም አለቀ የሚባለው መቼ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ስለ ሚክሲንግ፣ ማለትም የተቀረጹ ድምፆችን ስለ ማመጣጠንና ማዋሃድ፣ እንድነግረው ነበር የጠበቀው። እኔ ግን ስለ ብሉግራስ፣ ስለ አሜሪካ የገጠር የክር መሣሪያ ሙዚቃ፣ አወራሁለት። እናንተም ታገሡኝ።

ባንዱ አሊሰን ክራውስና ዩኒየን ስቴሽን ይባላል። አልበሙ «ፔፐር ኤርፕሌን» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። ክራውስ ትዘፍናለች፣ ቫዮሊንም ትጫወታለች። በዚህ አልበም ጄሪ ዳግላስ ዶብሮ (ተንጋሎ የሚመታ የጊታር ዓይነት)፣ ሮን ብሎክ ባንጆ፣ ዳን ታይሚንስኪ ጊታርና ማንዶሊን፣ ባሪ ቤልስ ባስ ይዘዋል። ብሉግራስ በባህሉ ድራም የለውም፤ ምቱን ማንዶሊንና ባስ ይካፈሉታል። ስለዚህ አንዱ ሲጎድል ወዲያው ይሰማል።

ቀረጻውን ሲጀምሩ ሥራው እሺ አላላቸውም። ክራውስን ማይግሬን ያሠቃያት ነበር። ዘፈኖቹም የሆነ ነገር ጎድሏቸው ነበር። እሷ ግን ያለውን ጠጋግና አላወጣችም። ወደ ዘፈን ደራሲው ሮበርት ሊ ካስልማን ሄደች፤ የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈን ከእሱ ተገኘ። ባንዱ ከዚያ በፊት አዲስ የስቱዲዮ አልበም ያወጣው በ2004 ነበር። «ፔፐር ኤርፕሌን» በ2012 ግራሚ ላይ የዓመቱ ምርጥ የብሉግራስ አልበም ተባለ። ለድምፅ ቀረጻ ጥራቱም ተሸለመ፤ ማይክ ሺፕሊና ኒል ካፔሊኖ ናቸው የቀረጹት። ስሙ ሽፋኑ ጥግ ላይ በደቃቃ ፊደል የሚጻፍ ሰው ሲሸለም እኔ ደስ ይለኛል።

የልጁ ጥያቄ ግን ሌላ ነገር ቀሰቀሰብኝ። የካሴት ዘመን ነው፣ አዲስ አበባ። አንዲት ድምፀ መረዋ ዘፋኝ ነበረችን። አንድ ማሲንቆ ተጫዋችም ነበር። ልምምድ ላይ እሷ ስንኝ ስትጨርስ እሱ ይቀበላታል፤ አንዳንዴም ሳትጀምር ይቀድማትና ትስቃለች። እየሳቀች መልሳ ትገባለች። እንደዚያ ሲጫወቱ ከስቱዲዮው መስታወት ጀርባ ሆኜ ሥራዬን እረሳ ነበር።

ካሴቱ ለፋሲካ መድረስ አለበት ተባለ። ቀረጻው ሲጀመር ሰውዬው ለቅሶ ገጥሞት ጎጃም ሄደ። አሳታሚው፣ «ኪቦርዱ ላይ የማሲንቆ ድምፅ አለ አይደል?» አለ። ነበረ። ግን ጭራው ጭራውን ሲፍቅ የሚወጣው እስትንፋስ የለውም። የሚቀድማትም የለም። ዘፋኟ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትስቅ ቀረጻው አለቀ።

ሰውዬው ሲመለስ ካሴቱ በየሙዚቃ ቤቱ ይጮህ ነበር። ቆሞ አዳመጠና «ጥሩ ነው» ብሎ ሻይ አዘዘ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሁለቱ ከዚያ በኋላ አብረው አልሠሩም፤ ያ ጨዋታ የትም ሳይቀረጽ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ካሴቱ በደንብ ተሸጧል። አሳታሚው እስከ ዛሬ ልክ ነበርኩ ይል ይሆናል።

የዛሬ ልጆች ችኩሎች ናችሁ ልላችሁ ነበር። ግን ይኸው፣ እኛም ለፋሲካ ስንሮጥ ነበር። እንዲያውም የብዙዎቻችሁ ችግር ተቃራኒው ነው። ኮምፒውተሩ የፈለጋችሁትን ያህል ትራክ (ለየብቻ የሚቀረጽ የድምፅ መስመር) ስለሚሰጣችሁ አትጨርሱም። ስለዚህ ጠብቁ የምለው ሰው ሲጎድል፣ ዘፈን ሲጎድል ነው። ድፍረት ሲጎድላችሁ ጠብቁ አላልኩም። ክራውስ የጎደለውን ካገኘች በኋላ ጨርሳ አወጣች።

ስለ ማይክ አመራረጥ አልጽፍም፤ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። ልምምዳችሁን ግን ቅረጹ፤ ስልክም ይበቃል። እኛ ባዶ ካሴት አጥተን አልነበረም፤ ማንም አላሰበውም። ፋይሉ ላይም ቀኑንና የተጫዋቾቹን ስም ጻፉበት። ኮምፒውተሩ ራሱ እንደሚሰይመው «ኒው ፕሮጀክት 7» ብላችሁ እንዳትተዉት።